ስለ ማሩ ዝም ያልኩ ቀን

ሚስቴ ይህን አታውቅም። ማንኮራፋቴን፣ ስዋሽ ጆሮዬን ማከኬን፣ ከማን ጋር እንደተኳረፍኩና ለምን እንደተኳረፍኩ ሁሉን የምታውቅ ሴት ናት፤ ይህን ግን አታውቅም። ልጆቼም አያውቁም። ጁምዓ ሰግጄ ስወጣ እዚህ ደሴ፣ ሆጤ መንገድ ዳር ላይ "መምህር፣ መምህር" እያሉ ትከሻዬን የሚስሙኝ የድሮ ተማሪዎቼማ ከየት አምጥተው ያውቁታል? ለአላህ ነግሬዋለሁ። ለእሱ መንገር ግን ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ያውቀዋላ። ለሰው ልጅ ስናገረው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም፣ ስለዚህ ስለ እኔ አታፍሩም። በሞቴ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ።

የታሪክ መምህር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቷል። የበደልኩት ግን ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ዲግሪዬ ትኩስ ሳለ ነው። የበደልኩትም በውሸት አይደለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አንዲት የውሸት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ያን ቀን የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ታዲያ ምን አጠፋህ ትሉኛላችሁ? እኔም ራሴን ስንት ዘመን እንዲህ እያልኩ ስሸነግል ኖሬያለሁ መሰላችሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

የተወለድኩት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ተራራው ወገብ ላይ ባለች ላይ ዋንዛ በምትባል መንደር ነው። ከእሷ ዝቅ ብሎ፣ ሜዳው ሊጀምር ሲል፣ ታች ዋንዛ አለች። እኛ ላዮቹ ሙስሊሞች ነን፣ ታቾቹ ክርስቲያኖች። ምንጩ እኛ ዘንድ ይፈልቅና በቦይ ወደ እነሱ ይወርዳል። የእኛ ተራ አለ፣ የእነሱም ተራ አለ። ለምን ለታች ይወርዳል ብሎ ለጠየቀ ሰው የሁለቱም መንደር መልስ አንድ ነበር፤ ሸህ ኑሩና አያ ደስታ አንድ ጡት የጠቡ ናቸው። ሸህ ኑሩ የእኛ የላዮቹ አባት ናቸው፣ አያ ደስታ የታቾቹ። አንድ ጡት የጠባን ሰው ውኃ መከልከል ደግሞ በእኛ አገር የማይታሰብ ነገር ነው።

በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ መስኩ መድረቅ ሲጀምር ሁለቱ መንደሮች ምንጩ ዘንድ ይገናኛሉ። ቦዩን አብረው ይጠርጋሉ። ከዚያ የእኛ ሽማግሌዎች ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ፣ የእነሱ ቄስ ፈንጠር ብለው ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ አሚኑና አሜኑ ይደባለቃል። በመጨረሻ ከላይ ዋንዛ በዕድሜ የገፉት ሴት አውራ ጣታቸውን ማር ያስነኩና በዚያ ዓመት ታች ዋንዛ የተወለዱትን ሕፃናት አንድ በአንድ ያስልሳሉ። ልጅ ሳለሁ ከሁሉ አብልጬ የምጠብቀው ይህን ነበር፤ የተረፈው ማር ለእኛ ይደርሰናላ። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ የሚጠይቅ አልነበረም። ሲደረግ የኖረ ነው፣ ይደረጋል።

እኔ ራሴ ማር የላስኩ ልጅ ነኝ። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ሳይድኹ ሞተውባታል። እኔ ስወለድ ይህንንስ አላህ ያቆይልኝ ብላ ደጃፍ ላይ አስተኛችኝና ከታች ዋንዛ እማ ብርቄ መጥታ አነሳችኝ። ብርቄ ያን ጊዜ ገና ወልዳ የማታውቅ ሙሽራ ናት። ጡቷን ማር ቀብታ አስላሰችኝ፣ "ልጄ ነው" አለች፣ ከዚያ አሳድጊልኝ ብላ ለወለደችኝ እናቴ መለሰችኝ። በቃ፣ የጡት ልጇ ሆንኩ። ያደግሁት በሁለት ቤት ነው። ፋሲካ ሲሆን እሷ ዘንድ ነኝ፤ ለእኔ ሲባል አንድ ዶሮ በአጎቴ እጅ ታርዶ በሌላ ድስት ይሠራልኝ ነበር። ለዒድ ደግሞ እሷ እኛ ዘንድ ትመጣለች። ሌላ ልጅ ከወለደች በኋላ እንኳ የበኩር ልጅሽ ማን ነው ሲሏት ሙሄ ነው የምትል ሴት ናት። መሐመድ የሚለውን ስሜን ሙሄ ብላ ያቆላመጠችውም እሷ ናት።

እንግዲህ "አንድ ጡት ጠቡ" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ሊያውቅ የሚገባው ማን ነበር?

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሥሩ ሲሉን እኔ ስለ ዋንዛ ልሥራ አልኩ። አስተማሪያችን አፈ ታሪክን በማስረጃ መዝኑት ይሉን ነበር። መልካም ምክር ነው፤ በኋላም ለተማሪዎቼ ያልኳቸው ይህንኑ ነው፣ ዛሬም አልክደውም። ወደ አገሬ ወጣሁና የሁለቱንም መንደር ሽማግሌዎች እያስቀመጥኩ ትውልድ አስቆጠርኳቸው። የታች ዋንዛ ሰዎች አያ ደስታ ከላስታ ረሃብ አሰድዶት የመጣ ጎረምሳ እንደነበረ፣ የወለደችው እናቱም መንገድ ላይ እንደቀረች ይናገራሉ። የላይ ዋንዛ ሰዎች ደግሞ ይህ እንግዳ ሲመጣ ሸህ ኑሩ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ እንደነበሩ፣ ልጆቻቸውም ጎጆ እንደወጡ ያስታውሳሉ። ሁለቱን ወሬ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን አልነበረም። እኔ አስቀመጥኩት። ሽበታም ሽማግሌና ከላስታ የመጣ ጎረምሳ እንዴት አድርገው ነው አንድ ጡት የሚጠቡት? ወላሂ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን በሕይወቴ ጥቂት ነው። አገር ምድሩ ሲያምነው የኖረውን እኔ፣ የትናንቱ ሙሄ፣ ብቻዬን አፈረስኩታ!

ደስታዬን አላስችል ብሎኝ ለእናቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አይታኝ ሳቀች።

"ወንድሞች ናቸው ያለህ ማነው?" አለችኝ። "ደስታን ማር ያስላሱት የሸህ ኑሩ ሚስት ናቸው፤ ብርቄ አንተን እንዳደረገችህ። ልጃቸው ነው እንጂ ወንድማቸው አይደለም። ሰው ሲያሳጥረው አንድ ጡት ይለዋል። ይህንንም ጻፈው።"

በአንድ ጊዜ ገባኝ። አልገባኝም እንዳልላችሁ። የምንጩ ዳር ማር ለምን ከላይ ሴት ጣት ወደ ታች ልጅ አፍ እንደሚሄድ፣ ለምን ከታች ወደ ላይ እንደማይሄድ፣ ሁሉም እዚያው እንደተቀመጥኩ ተገለጠልኝ። የመንደሩ ወሬ ውሸት አልነበረም። ዘመን ሲረዝም አጥሮ ነበር። የማን ጡት እንደሆነ፣ እንዴት እንደተጠባ ተረስቶ "አንድ ጡት" የሚለው ብቻ ቀርቶ ነበር። ልብ ላለው ሰው ይህ ከእኔ ግኝት የሚበልጥ ግኝት ነው። ዛሬ አንድ ተማሪ ይዞልኝ ቢመጣ አቅፌ እስመው ነበር።

እኔ ግን ምን አልኳት? "ይኼ የሴቶች ወሬ ነው፣ ማስረጃ የለውም" አልኳት። እናቴን! ማስረጃ ብዬ የያዝኩት ራሱ የሽማግሌዎች ወሬ መሆኑን፣ በእሷ አፍና በእነሱ አፍ መካከል ያለው ልዩነት ጢም ብቻ መሆኑን አላጣሁትም። አውቄ ነው። የእሷን ብጨምር ጽሑፌ የሚለው "መንደሩ ጥቂት ተሳስቷል" ነው። ባልጨምር የሚለው "መንደሩ ሲዋሽ ኖሯል" ነው። ሁለተኛው ያምራል። ሁለተኛው ያስጨበጭባል። በሸሪዓ ማር በመላስ የጡት ዝምድና አይጸናም የሚል ክርክር እንኳ ነበረኝ፤ እሱንም ተውኩት፣ ክርክሩን ባነሳ ማሩ አብሮ ይነሳብኛላ። ጽሑፉን አስረከብኩ፣ ተመሰገንኩ፣ ተመረቅሁ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ በደሌ ከእናቴ ጋር በቀረ ነበር። አላበቃም።

ተመርቄ ስመለስ ላይ ዋንዛ ሰዉ ለኮምቦልቻ ገበያ ሽንኩርት መትከል ጀምሮ ነበር። ሽንኩርት ውኃ ይወዳል። ውኃው አነሰ። ከእኔ ጋር ያደገ ሰይድ የሚባል፣ ዛሬ ሐጂ ሰይድ የምንለው፣ ብርቱ ገበሬ ነበርና ወደ እኔ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን ሊያሳድግ የሚለፋ ሰው ነው። የአንድ ጡቱን ነገር አጥንተሃል አሉ፣ እውነት ነው ወይስ ተረት ብሎ ጠየቀኝ። እውነት አይደለም አልኩት። ይህንን ምንጩ ዘንድ በጉባኤ ትናገራለህ ወይ አለኝ። እናገራለሁ አልኩት። እምቢ ማለት እችል ነበር። ማን አስገደደኝ? ማንም። አዲስ ኮት ነበረኝ።

ቦዩ ተጠርጎ፣ ዱዓውም ጸሎቱም አልቆ፣ ማሩ በብርሌ ቀርቦ ሳለ ተነሳሁ። ትውልዱን ቆጠርኩላቸው። ከላስታ የመጣውን ጎረምሳ፣ የሸህ ኑሩን ሽበት፣ ጎጆ የወጡትን ልጆች በየተራ ዘረዘርኩ። ከታች ዋንዛ ሽማግሌዎች አንዱ "ልክ ነው፣ እንዲያ ነው የሰማነው" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ወዴት እየነዳኋቸው እንደሆነ አላወቁም። ከዚያ "ስለዚህ አንድ ጡት አልጠቡም፣ ሊጠቡም አይችሉም፤ ይህ ታሪክ አይደለም፣ ተረት ነው" አልኩና ተቀመጥኩ።

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። እማ ብርቄም ከጎኗ። እናቴን አየኋት፤ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ መሬት ታያለች። በዚያ ጉባኤ ሴት ተነስታ አትናገርም። ብትናገርስ ልጇን በሰው ፊት ታዋርዳለች? ይህን አውቅ ነበር። ዝም እንደምትል አውቄ ነው የተነሳሁት። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው፤ በእናቴ ፍቅር ተከልዬ ነው ያን ሁሉ ሰው ያጠቃሁት። ያን ቀን ማር የላሰ ሕፃን የለም። ብርሌው እንደመጣ ተመለሰ።

ውኃውን የዚያኑ ዕለት አልዘጉትም፤ የእኛ ሰው ይሉኝታ አለው። በመጀመሪያ የታቾቹ ተራ አጠረች። ከዚያ ዘለለች። ከዚያ አቤት ለማለት የመጣ ሽማግሌ "መምህሩ የተናገረውን ሰምታችኋል፣ በምን ዝምድና ነው የምትጠይቁን?" ተባለ። ታች ዋንዛ ብርቱካኑ ደረቀ፣ ጌሾው ደረቀ። ወጣቱ ከፊሉ ኮምቦልቻ የቀን ሥራ ገባ፣ ከፊሉ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ሴቶቹ ከሩቅ ወንዝ በአህያ መቅዳት ያዙ። ጠብ አልተነሳም፣ ደም አልፈሰሰም። ሁለቱ መንደሮች ሰላምታ ሳይነፋፈጉ ተለያዩ። በየዓመቱ ምንጩ ዘንድ መገናኘቱ ግን ቀረ።

እናቴ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። በዓመቱም፣ ስትሞትም አላነሳችው። ለቀብሯ እማ ብርቄ መጣች። አልቅሳ ስታበቃ ወደ እኔ ዞራ "እግዚአብሔር ያጽናዎት መምህር" አለችኝ።

ያጽናዎት። መምህር። ጡቷን ማር ቀብታ ያስላሰችኝ ሴት እርስዎ አለችኝ። ሰው በድንጋይ ቢመታኝ ያን ያህል አያመኝም ነበር። ያኔ እግሯ ላይ ወድቄ "እማ፣ አውቅ ነበር፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" ብል ምን ነበረበት? ለቀስተኛው አፍጥጦ ያያል ብዬ ፈራሁ። ደሴ ተመለስኩ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አስተማርኩ። በየዓመቱ አዲስ ክፍል ስገባ የመጀመሪያውን ቀን "ልጆች፣ ማስረጃን መደበቅ ከመዋሸት አይሻልም" እያልኩ አስተምር ነበር። አያስቅም? ያስተማርኳቸው ብዙ ናቸው፤ አንዱ እንኳ እጁን አንስቶ "እርስዎስ?" አላለኝም፣ አያውቁማ።

ከጥቂት ወራት በፊት ሐጂ ሰይድ ደወለልኝ። ድምፁ አርጅቷል። "የሁለቱ መንደር ወጣቶች ተነጋግረው ምንጩ ዘንድ ካልተሰበሰብን ብለዋል፣ ልጄ ሀያት ናት የምታስተባብራቸው፣ ሽማግሌው ግን የመምህር ሙሄ ቃል እያለ በምን አፋችን እንገናኛለን እያለ ነው፣ መጥተህ ያንኑ ደግመህ ትናገርልናለህ ወይ?" አለኝ። እንዲደገም ፈልጎ ይሁን እንዲፈርስ አልገባኝም። እሱም የገባው አልመሰለኝም። እመጣለሁ አልኩት። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ የታች ዋንዛን ውኃ የያዘው የእኔ ቃል ነበር ለካ።

ደሴ ሚኒባስ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ከዚያ በባጃጅ መንገዱ እስካለቀ ሄድኩና ቀሪውን በእግሬ ወጣሁ። ሁሉን ልናገር ቆርጬ ነበር፤ ማሩን ብቻ ሳይሆን ማወቄንም። ሰዉ ከላይም ከታችም መጥቶ ነበር፣ የማላውቀው ወጣት ይበዛል። ተነሳሁ። የአያ ደስታን መሰደድ፣ የሸህ ኑሩን ሚስት፣ ማሩን፣ ሁሉን ተናገርኩ። ወንድሞች አልነበሩም ያልኩት እውነት ነው፣ ከወንድም ይቀርቡ ነበር፣ ደስታ የዚህ ቤት ልጅ ነው አልኩ። ሰዉ ሲያጉረመርም፣ አሮጊቶች እልል ሲሉ ሰማሁ። አንዲት ሴትዮ ከታቾቹ ወገን "ለካ ለዚህ ነው ማሩ!" ስትል ሰማሁ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

አሁን ማወቄን ልናገር ነው። አፌን ከፈትኩ። ሐጂ ሰይድ ቀደመኝ። ከተቀመጠበት ተነስቶ ትከሻዬን ያዘና "ወንድሜ፣ ያኔ ልጅ ነበርክ፣ አላወቅክም፣ አሁን አውቀህ ነገርከን። አፉ ብለንሃል" አለ። ሰዉ ሁሉ አፉ ብለናል አለ። ቄሱ እግዚአብሔር ይፍታህ አሉ።

እኔስ? ዝም አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ዝም አልኩ። አላወቅሁም አላልኩም፤ አላወቀም ሲሉ ግን አላረምኩም። ጎረምሳ ሳለሁ ያደረግሁትን ሽማግሌ ሆኜ ደገምኩት። ሰው ካረጀ በኋላ ይሻሻላል የሚለኝ ካለ እኔን ይጠይቀኝ።

ከጉባኤው በኋላ እማ ብርቄ ቤት ወረድኩ። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው፤ የሆነውን ሁሉ ሰው ነግሯታል። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድምፄን ስትሰማ እጇን ዘረጋች። ፊቴን ዳበሰችውና "አንተ ልጅ፣ ከሳህ" አለችኝ። አንተ አለችኝ! ከዚያ ራሷ ሰበብ ፈልጋ ሰጠችኝ፤ ትምህርቱ አስረስቶህ ነው፣ ሰው ብዙ ሲያነብ የቤቱን ነገር ይረሳል አለችኝ። ታውቅ ይሆን? እኔን ማር ያስላሰች ሴት መርሳቴን እውነት ታምናለች? ወይስ እያወቀች ልታሳርፈኝ ነው? አልጠየቅኳትም። ጉልበቷ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሷ ለረሳ ልጅ አለቀሰች፣ እኔ ላልረሳ።

ወጣቶቹ ከጉባኤው ሲወጡ አካፋና ዶማ ይዘው ቦዩን ሲጠርጉ ዋሉ። የላይም የታችም ልጆች ናቸው፤ ማን የማን እንደሆነ መለየት አቅቶኝ ነበር። የሐጂ ሰይድ ልጅ ሀያት፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ቀጭን ልጅ ናት፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ ውስጥ ገብታለች። ከብርቄ ቤት ስመለስ አገኘችኝና አብራኝ ትንሽ ሄደች። ደግ ልጅ ናት፣ ግን አትለቅም።

"መምህር፣ አያ ደስታ ማሩንም ባይልስ ኖሮስ?" አለችኝ። "ደስታ እንዲሁ መንገደኛ ቢሆን ኖሮ፣ ለታች ልጆች ውኃ አይወርድም ነበር?"

ይወርዳል አልኳት። መውረድ ነበረበት አልኳት።

"ታዲያ ያኔ ሲናገሩ ይህ አልታሰብዎትም?"

ቆምኩ። እሷም ቆመች። መልሱን በቅን ልብ ነበር የምትጠብቀው። ቦዩ ስለተጠረገ ውኃው ተለቋል አሉና ታች ሆነው የሚጮኹ ልጆች ድምፅ መጣ፤ ሀያት ዞር ብላ ሳቀችና ሮጠች። እኔ ሳልመልስላት ቀረሁ። ውኃው ጭቃ እየገፋ፣ ቅጠል እየተሸከመ ሲወርድ ቆሜ አየሁት። ከብዙ ዘመን በኋላ ታች ዋንዛ ገባ። ማታ ከመንደሩ የሚሰማው ሳቅ ላይ ዋንዛ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ዘንድሮ ብርቱካን የሚተክሉ አሉ።

ይህ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ውኃው ለመውረድ የእኔን ንጽሕና አልጠበቀም። ወጣቶቹ ያለ እኔም ያወርዱት እንደነበር ሀያትን አይቼ አውቄያለሁ፤ ይህ ከሁሉ ያሳርፈኛል። እኔን ግን አፉ ያሉኝ ሰዎች አፉ ያሉት ሌላ ሰው ነው። ተሳስቶ ለነበረ አንድ ልጅ ነው ይቅርታቸውን የሰጡት። እኔ እሱ አይደለሁም። ያልሆንኩትን ሰው ይቅርታ ይዤ መቀመጥ አልችልም።

ስለዚህ ሀያት፣ ይህን ጽሑፍ ለአንቺ እልከዋለሁ፤ ያን ቀን ሳልመልስልሽ የቀረሁት ይኸውልሽ። አዎ፣ አልታሰበኝም። ስለ ጡቱ እንጂ ስለ ጥማቱ አላሰብኩም። የማሩን ነገር ግን አውቅ ነበር። እናቴ ነግራኛለች፤ ጻፈው ብላኛለች፤ ጽሑፌ ያለ እሱ ያምራል ብዬ ተውኩት። ልጅ ስለነበርኩ አይደለም፣ ትምህርት አስረስቶኝም አይደለም። ይህን በመጪው ጁምዓ ወደዚያ መጥቼ እማ ብርቄ ባለችበት፣ አባትሽ ባለበት፣ በራሴ አፍ እደግመዋለሁ። ሰዉን ሰብስቢልኝ። አፉ ቢሉኝም ባይሉኝም፣ አሁን ግን የሚፈርዱት በእኔው ላይ ይሁን።